የምረቃ ማግ፣ የሰብሊሜሽን ወረቀትና የሐምሌ ዝናብ

የመክፈቻ ጥያቄ

ማግና ጨርቅ ላይ የምናትም ሰዎች በምንጠያየቅበት የኢንተርኔት ቡድን ላይ ጥያቄዬን የጻፍኩት ሐምሌ መግቢያ ላይ፣ ሰኞ ማታ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ 22 የተበላሹ ማጎች ተደርድረው ነበር። የ60 ማግ ትእዛዝ ይዣለሁ። ቀብድ ተቀብያለሁ። የአንድ ክፍል ተመራቂዎች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ማግ ላይ ፎቶና ስም ይታተማል። የምሠራው በሰብሊሜሽን ነው፤ ፎቶው መጀመሪያ በልዩ ቀለም ወረቀት ላይ ይታተማል፣ ከዚያ ሙቀት ቀለሙን ጋዝ አድርጎ ከወረቀቱ ወደ ማጉ ያሸጋግረዋል። ምርቃቱ ቅዳሜ ነው።

ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩ። ፎቶው ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ይወጣል። ጥቁሩ ጋውን ዙሪያውን ጭስ የከበበው ይመስላል። ከሁሉ የባሰው ግን ስሙ ነው። የእኛ ፊደል ልዩነቱ በአንዲት ጭረት፣ በአንዲት ቀለበት ነው። የ«ቤ» ቀለበት ከተደፈነ «ቢ» ሆኖ ይነበባል። ቤተልሔም የምትባል ልጅ በምረቃዋ ቀን ማጓ ላይ ቢተልሔም የሚል ስታነብ ምን ይሰማታል? ፎቶ ላይ ትንሽ ብዥታ ይታለፍ ይሆናል። ስም ላይ አይታለፍም።

ጥፋተኛው ወረቀቱ ነው ብዬ ደመደምኩ። ምክንያት ነበረኝ። በጥር፣ ለጥምቀት ስሠራ የተጠቀምኩበት ወረቀት እንከን አልነበረውም። ሰኔ ላይ እሱ ሊያልቅ ሲል ከመርካቶ ሁለት ፓኬት አዲስ ገዛሁ። ኤ4፣ 100 ቅጠል፣ ማሸጊያው ላይ 120 ግራም (የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት) ተብሎ ተጽፎበታል። የአምራች ስም የለውም። ፕሪንተሩ ያው ነው፤ ኤፕሰን ባለ ታንክ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሰብሊሜሽን ቀለም ብቻ የተሞላ። ወረቀቱን ማጉ ላይ በሙቀት የሚጫነው የማግ ፕሬስም ያው ነው፤ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ 180 ሰከንድ። የተቀየረው ወረቀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቅኩ። ለማግ ስንት ግራም ወረቀት ይሻላል? ጥሩውን ከመጥፎውስ በምን ትለያላችሁ?

በሦስት ቀን ውስጥ 36 መልስ መጣ። ይህን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው እንዲጠቀምበት የተባለውን በቅደም ተከተል ላውራው።

መልስ 1

ከሐዋሳ አንዲት እህት ቀድማ ደረሰችልኝ። መጀመሪያ አይዞሽ አለችኝ፤ ከዚያ በየትኛው ገጽ ላይ እንዳተምኩ ጠየቀችኝ። የሰብሊሜሽን ወረቀት ቅብ ያለው በአንድ በኩል ብቻ መሆኑን አስታወሰችኝ። የተቀባው ገጽ ነጣ ያለ ነው። ጀርባው አንዳንዴ ገረጣ ይላል፣ አንዳንዴም ምልክት ይታተምበታል። ምልክት ከሌለው ጣትን በትንሹ አርጥቦ ጥጉን መንካት ነው፤ የሚጣበቀው ገጽ ነው ትክክለኛው። ሄጄ ነካሁት። ገጹ ትክክል ነበር። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው፤ ወረቀት አገላብጦ አትሞ ቀኑን ሙሉ ማሽን የሚፈታታ ሰው አውቃለሁ።

መልስ 2 እስከ 6

እዚህ ላይ የግራም ክርክር ተነሳ። 2ኛው ሰው በአጭሩ ለማግ 125፣ ለጨርቅ 100 ብሎ አለፈ። 3ኛዋ ተስማማች። 4ኛው የአዳማ ወንድም ግን በፍጹም አልተቀበለም። ለማግ ሁልጊዜ ባለ 100 ግራሙን እንደሚጠቀም፣ ወፍራም ወረቀት ማጉን በደንብ እንደማያቅፍና ከእጀታው አጠገብ ክፍተት እንደሚተው ጻፈ።

2ኛው ሰው ተመልሶ መጣና በመልስ 5 ምክንያቱን አስረዳ። ፎቶ ብዙ ቀለም ይጠጣል። ቀጭን ወረቀት ብዙ ቀለም ሲወርድበት ይጨማደዳል። የተጨማደደ ወረቀት የፕሪንተሩን ሄድ፣ ማለትም ቀለም የሚረጨውን ክፍል፣ ይነካል፣ ቀለም ይቀባል። በዚያ ላይ ቀለሙ ቶሎ ስለማይደርቅ ወረቀቱን የሚያወጡት ትንንሽ ጥርሳም ጎማዎች በመስመር የተደረደሩ ነጥቦች ይተዉበታል። እኔ ይህን ነጥብ አይቼው አውቃለሁ። ከወረቀቱ የመጣ እንጂ ከጎማው የመጣ አይመስለኝም ነበር።

መልስ 6 ላይ አንድ ሰው ሁለቱን አስታረቀ። ቀጥ ያለ ማግ ላይ 125 ግራሙ ያለ ችግር ይጠቀለላል። ከታች ጠበብ ብሎ ወደ ላይ የሚሰፋ ኩባያ ከሆነ ግን የአዳማው ወንድም እውነት አለው፤ ቀጭኑ ይታዘዛል። የአዳማው ወንድም አልተመለሰም፤ ግን ለመልሱ የምስጋና ምልክት ሰጠው።

መልስ 7

ዱባይ የሚሠራ ወንድም ረጅም ጽሑፍ ላከ። እሱ የሚሠራበት ቤት በአብዛኛው የስፖርት ማልያ ያትማል። ትልልቆቹ ማሽኖች ላይ የሚገባው ጥቅል ወረቀት ከእኛ ቅጠል በጣም የሳሳ ነው፤ ከ60 ግራም በታች የሆነም አለ። ማሽኑ ፈጣን ስለሆነ፣ ወረቀቱም ተወጥሮ ስለሚሄድ ያ ይበቃል። ስለዚህ የትልቅ ማተሚያ ቤት ምክር ለቤት ፕሪንተር እንዳልሆነ አስጠነቀቀ።

ስለ ተለጣፊው ወረቀትም ነገረን። ቅቡ ሲሞቅ በትንሹ እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ወረቀት አለ። ጥቅሙ ለሚለጠጥ ጨርቅ ነው። ፕሬሱ ሲከፈት ወረቀቱ ትንሽ ቢንሸራተት ቀለሙ ገና ትኩስ ጋዝ ስለሆነ ሁለተኛ ጥላ ይጥላል። ተለጣፊው ይህንን ይከላከላል። ለማግ ግን አይሆንም፤ ይጣበቅና ሲላጥ ቅሪቱ ማጉ ላይ ይቀራል። ለማግ ሙቀት የሚችል ቴፕ ይበቃል። መርካቶ ላይ አንዳንድ ሻጭ ተለጣፊውንም ተራውንም አንድ ስም ሰጥቶ ስለሚሸጥ ይህ መረጃ ለብዙዎቻችን ጠቅሟል።

መልስ 8 እስከ 12

አንድ ጀማሪ ልጅ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ይሠራ እንደሆነ ጠየቀ። በጨዋ ቋንቋ ነው የጠየቀው። 9ኛዋ እንደሚሠራ፣ ግን ቀለሙ እንደሚገረጣ ነገረችው። 10ኛው ለሙከራ ካልሆነ ለደንበኛ እንዳይሰጥ መከረው።

11ኛው ግን ቁጣ ይዞ መጣ። ገበያውን ያበላሹት እንደዚህ ዓይነት ሰዎች ናቸው አለ። በፎቶ ኮፒ ወረቀት አትመው በግማሽ ዋጋ ይሸጣሉ፣ ማጉ ገና ከፕሬስ ሲወጣ የገረጣ ነው፣ ደንበኛው ከዚያ በኋላ ማንንም አያምንም። ዋጋ ሰባሪ የሚል ቃልም ተጠቀመ። የተናገረው ነገር እውነት አለበት፤ እኔም በዋጋ ሰባሪ ትእዛዝ አጥቻለሁ። ግን ልጁ ጠየቀ እንጂ አልሸጠም። ለመማር የመጣን ሰው በር ላይ መደብደብ ተገቢ አይደለም፤ ይህንንም እዚያው ጻፍኩለት።

መልስ 12 ልጁን ከጭቅጭቁ አወጣው። ጸሐፊዋ የምን ፕሪንተር እንዳለው ጠየቀችው። ለካ ያለው ኤችፒ ነው። ወረቀት ከመግዛቱ በፊት ቆም እንዲል ነገረችው። ኤችፒና ካኖን ቀለሙን የሚረጩት ሄዱ ውስጥ አሙቀው ነው። የሰብሊሜሽን ቀለም ደግሞ የተሠራው በሙቀት እንዲለወጥ ነው፤ እዚያው ሄዱ ውስጥ ይደርቅና ይደፍነዋል። ኤፕሰን ቀለሙን የሚገፋው በኤሌክትሪክ በሚንቀጠቀጥ ክሪስታል ስለሆነ ቀለሙ ሳይሞቅ ይወጣል። ሁላችንም ኤፕሰን የምንይዘው ለዚህ ነው። ልጁ አመሰገነ። ወረቀት ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ ውሃ ይበላው ነበር።

መልስ 13 እስከ 16

መርካቶ ውስጥ ሱቅ ያለው አንድ ሰው በጥያቄዬ ቅር ተሰኝቶ ጻፈ። እኔ የገዛሁበት ሱቅ አይደለም። ሁሉም ሻጭ አጭበርባሪ ተደርጎ መታየቱ አሳዝኖታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ እንዴት እንደናረ አስታወሰን። ስም ያለውን ወረቀት ሲያመጣ ሰው ዋጋውን ሰምቶ ይሄዳል። ርካሹን ሲያመጣ ደግሞ ይወቀሳል። ይህን ሳነብ ልቤ ራራ። እውነቱን ነው። እኛም ርካሹን ጠይቀን ነው የምንገባው።

መልስ 14 ግን አልራራለትም። ጸሐፊው ከደሴ ነው፤ ሒሳብ አስተማሪ ይመስለኛል። ለሻጩ አንድ ነገር ብቻ ነገረው፤ ሚዛን አለህ ወይ። አንድ ኤ4 ቅጠል 0.0624 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ግራም የምንለው የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው። ስለዚህ እውነተኛ 120 ግራም ከሆነ 100 ቅጠሉ 750 ግራም አካባቢ መመዘን አለበት። 100 ግራም ከሆነ 624 አካባቢ። 125 ከሆነ 780። ማንም ሰው የሽንኩርት ሚዛን ላይ አስቀምጦ ማወቅ ይችላል።

ይህን አንብቤ ወዲያው ተነሳሁ። ያልተከፈተው ፓኬት ነበረኝ። ማሸጊያውን አወጣሁና ሰፈሬ ካለው ሱቅ ሄጄ አስመዘንኩት። 640 ግራም። ሲሰላ 103 ግራም ገደማ ነው። 120 ተብሎ የተሸጠልኝ 103 ነው ማለት ነው። ይህን በመልስ 15 ጻፍኩ።

መልስ 16 ላይ ሻጩ ተመለሰ። አልተከራከረም። በነጋታው የራሱን ፓኬቶች እንደሚመዝን ቃል ገባ።

እኔም ነገሩ አለቀ አልኩ። ወረቀቱ ውሸታም ነው፣ ጥፋተኛው ተገኘ።

መልስ 17

አላለቀም። አንድ አባት ጻፉ። ከዚህ በፊት በሌላ ጉዳይ ላይ ሲጽፉ አይቻቸዋለሁ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ለብዙ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የቀለም ክፍል ሠርተዋል። የ36ቱ መልሶች እምብርት ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ላውራው።

ከቀለሙ ጀመሩ። እኛ የምንጠቀምበት ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ዲስፐርስ የሚባለው ነው። ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ደቃቅ ብናኝ ሆኖ ይንሳፈፋል እንጂ። ፋብሪካ ውስጥ ፖሊስተር ጨርቅን በዚህ ቀለም የሚያቀልሙት ውሃውን በግፊት 130 ዲግሪ አድርሰው ነው። በሰብሊሜሽን ግን ውሃ የለም። ቀለሙ ሲሞቅ ሳይቀልጥ በቀጥታ ጋዝ ይሆናል። ፖሊስተሩም ሲሞቅ ይላላል፣ ጋዙ ይገባበታል፣ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ተዘግቶ ይቀራል። ጥጥ ይህን ቀለም አይቀበልም። ነጠላና ጋቢ ላይ ሞክረው ያዘኑ ሰዎች ለዚህ ነው። ማግም የሚሠራው ሸክላው ስለሚቀበል አይደለም፤ ላዩ ላይ የፖሊስተር ዘር የሆነ ቅብ ስላለ ነው። ዘዴውን በጨርቅ ኅትመት ላይ ያስጀመረው ኖኤል ደ ፕላስ የሚባል ፈረንሳዊ እንደሆነ፣ በ1957 እ.ኤ.አ. ሩቤ ከተማ ሱፍ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ እንደነበር ጨምረው ነገሩን።

ከዚያ ወደ ወረቀቱ መጡ። ወረቀቱ አደራ ተቀባይ ነው አሉ። ቀለሙን ይረከባል፣ ላዩ ላይ ይዞ ይቆያል፣ ሙቀት ሲመጣ ይመልሳል። ቅቡ የተሠራው ቀለሙ ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ ነው። የፎቶ ኮፒ ወረቀት ቀለሙን ወደ ቃጫው ስለሚያስገባው አደራ በላ ነው። ማወቂያውም ቀላል ነው። ማጉን ከፕሬስ ካወጣን በኋላ ወረቀቱን እንየው። ደብዛዛ ጥላ ብቻ ከቀረበት አደራውን መልሷል። ፎቶው ቁልጭ ብሎ እዚያው ካለ አልመለሰም፤ ወይ ወረቀቱ ነው፣ ወይ ሙቀቱ አንሷል፣ ወይ ሰዓቱ አጥሯል።

በመጨረሻ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቁኝ። ወረቀቱ የት ነው የሚቀመጠው? ወሩስ ምንድን ነው?

ወረቀት እርጥበት ይጠጣል። ቅቡ ደግሞ ከወረቀቱ ይብሳል። እርጥብ ወረቀት 190 ዲግሪ ውስጥ ሲገባ ውሃው ወዲያው እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ወደ ጎን ይገፋዋል። ሰማያዊ ነጠብጣቡም፣ ጋውኑን የከበበው ጭስም፣ የተደፈነው የ«ቤ» ቀለበትም ይህን ይመስላል። ጥምቀት ጥር ላይ ነው፤ አየሩ ደረቅ ነው። ምርቃት ግን ሰኔና ሐምሌ ነው። የዓመቱ ትልቁ የማግ ሥራ የሚመጣው በዓመቱ እርጥብ ወቅት ነው።

ይህን ሳነብ ወረቀቱን የማስቀምጥበትን መደርደሪያ ዞሬ አየሁት። መስኮት ሥር ነው። ፓኬቱ ክፍት ነው። ውጭ ዝናብ ይጥላል።

መልስ 18 እስከ 23

አንድ ወንድም ችግሩ የአዲስ አበባ ከፍታ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስለዚህ ፕሬሱም 190 ሲል 190 ላይሆን ይችላል ብሎ አሰበ። ጋሼ በመልስ 19 በትሕትና አረሙት። ከፍታው የውሃውን መፍያ ይቀንሳል፤ የፕሬሱን ብረት ግን አያቀዘቅዝም። መለኪያው የሚለካው ብረቱን ነው።

20ኛው ከባሕር ዳር ነው። መለኪያውም ቢሆን ሁሌ አይታመንም አለ። እሱ ጋ የመብራቱ ኃይል ሲወርድ ፕሬሱ 190 ያሳያል፤ በሌላ ቴርሞሜትር ሲለካው 172 ሆኖ አገኘው። አንድ ማግ ከወጣ በኋላ ሙቀቱ እስኪመለስ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ጀመረ፤ የገረጣ ሥራው ቀረ። ሙቀትና ሰዓት በዝቶ ጥቁሩ ወደ ቡናማ የሄደበትም ጊዜ እንደነበር ጨመረ።

21ኛዋ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር እህት ናት። እዚያም በጋው ወበቃም ስለሆነ ተመሳሳይ ነጠብጣብ አይታለች። አሁን ወረቀቱን ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ሣጥን ታስቀምጣለች፤ ውስጡም ከጫማ ካርቶን የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ትጥላለች። ከፓኬቱ የምታወጣው ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ነው። ይህን ዘዴ ያለ ገንዘብ ማድረግ ይቻላል። እኔ በዚያው ማታ ጀመርኩት።

22ኛዋ ጨርቅም እንደሚጠጣ አስታወሰች። ቲሸርቱን ወረቀቱን ከማኖር በፊት ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ብቻውን ትጫነዋለች፤ ሲነሳ እንፋሎቱ ይታያል። ማግ ደግሞ በአልኮል ተጠርጎ በደንብ መድረቅ አለበት። 23ኛው አመሰገነና ሄደ።

መልስ 24 እስከ 30

ከዚህ በኋላ ወሬው መንገዱን ለቀቀ። ቢሆንም ጠቃሚ ነገር አልጠፋበትም።

አንድ ሰው የሰፈሩን የጽዋ ማህበር ታሪክ አመጣ። ቲሸርቱ ሰማያዊ ይሁን ተባለ፤ ጨርቁ መቶ በመቶ ፖሊስተር ነው። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ባንዲራ አተሙበት። ቢጫው አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። የሰብሊሜሽን ቀለም ብርሃን አሳላፊ ነው፤ ነጭ ቀለምም የለውም። ሰማያዊ ላይ የወረደ ቢጫ አረንጓዴ ይሆናል። ማህበሩ ለበዓሉ ሌላ ቲሸርት መግዛት ነበረበት። ሌላዋ ደግሞ ሚረር ማድረግ (ከማተም በፊት ምስሉን ቀኝና ግራ ማገላበጥ) ረስታ 12 ማግ ላይ ጽሑፉ ተገልብጦ እንደወጣባት ተናገረች። አሁን ፕሪንተሩ ላይ ትልቅ ማስታወሻ ለጥፋለች።

26ኛው ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል፣ ዲቲኤፍ ይግባ አለ። ፊልም ላይ ታትሞ፣ ሙጫ ዱቄት ተነስንሶበት ጥቁር ጥጥ ላይም ይለጠፋል። እውነት ነው። ለጥቁር ጥጥ ቲሸርት እኔም ዲቲኤፍ አሳትሜ አመጣለሁ። ግን ጨርቁ ላይ እንደ ሽፋን ይቀመጣል፤ በእጅ ይታወቃል። ሰብሊሜሽን ክሩ ውስጥ ስለሚገባ በእጅ ሲዳሰስ ምንም የለም።

27ኛው ሰው ነው ነገሩን ያከረረው። 26 መልስ ሙሉ ስለ ወረቀት ማውራት የሰነፍ ሥራ ነው አለ። ስም ያለውን ውድ ወረቀት መግዛት ያልቻለ ሰው ከሥራው ይውጣ። ማግ እያበላሹ እርዳታ መጠየቅ ሙያ አይደለም። 11ኛው ሰው ደገፈው። የአዳማው ወንድም በጣም ተቆጥቶ መለሰ። አብዛኞቻችን በአንድ ፕሪንተር፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ቤተሰብ የምናስተዳድር ሰዎች መሆናችንን፣ ሁሉም ሰው በዶላር የሚያስገዛው ዘመድ እንደሌለው ነገረው።

ጋሼ በመልስ 30 ገቡ። ማንንም አልሰደቡም። ውድ ወረቀትም እርጥብ መደርደሪያ ላይ ከዋለ እንደ ርካሹ ነጠብጣብ እንደሚያወጣ ብቻ ጻፉ። አራት ማግ እንድሠራም መከሩኝ። ጥሩውን አሮጌ ወረቀት ሳይደርቅና ደርቆ፣ አዲሱንም ሳይደርቅና ደርቆ። ያኔ ወረቀቱም አየሩም ምን ምን እንዳደረጉ ለየብቻ ይታያል።

መልስ 31፣ የእኔ

ረቡዕ ጠዋት ሠራሁት። ከጥር ወረቀት 10 ቅጠል ቀርቶኝ ነበር፤ እሱም እዚያው መስኮት ሥር ከርሟል። አንድ ዓይነት ፎቶ፣ አንድ ዓይነት ስም፣ አራት ማግ። ስሙ ቤተልሔም ነበር። ለማድረቅ ባዶውን ወረቀት በቲሸርት ፕሬሱ ሥር፣ ሳልዘጋው፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል አቆየሁት። ካተምኩ በኋላ ደግሞ አሥር ደቂቃ ጠብቄ በፀጉር ማድረቂያ ለስለስ ባለ ሙቀት አሳለፍኩት።

የመጀመሪያው ማግ አሮጌው ወረቀት ነው፣ ሳይደርቅ። ነጠብጣብ አወጣ። ያ በጥር እንከን ያልነበረው ወረቀት! ማጉን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ሰኔን ሙሉ ስወቅስ የነበረው ሻጭ ትዝ አለኝ።

ሁለተኛው አሮጌው ነው፣ ደርቆ። ንጹሕ። የ«ቤ» ቀለበት ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ሦስተኛው አዲሱ፣ ሳይደርቅ፣ እንደ 22ቱ ሆኖ ወጣ።

አራተኛው አዲሱ ነው፣ ደርቆ። ነጠብጣቡ ጠፋ፤ ስሙ ይነበባል። ግን ጋውኑ ጥቁር ሳይሆን ግራጫ ነው። ወረቀቱን ገልጬ ሳይ የተመራቂዋ ፊት እዚያው ቁጭ ብሏል። አደራውን በልቷል።

ሁለቱም ጥፋት ነበረባቸው ማለት ነው። ነጠብጣቡ የእኔ ነው፤ የአቀማመጤ። ግራጫው የወረቀቱ ነው። ሻጩን ለነጠብጣቡ መውቀሴ ስህተት እንደነበር ጻፍኩ። ስለ ክብደቱ ግን አልተመለስኩም፤ 103ን 120 ብሎ መሸጥ ትክክል አይደለም።

መልስ 32 እስከ 36

የሐዋሳዋ እህት እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ። መርካቶ ያለው ሻጭ ደግሞ አምስት ፓኬት መዝኖ ነበር። ሦስቱ ጎድለዋል። ላመጣለት ነጋዴ እንደሚመልሳቸው ጻፈ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሚዛኑን ደንበኛው የሚያየው ቦታ ላይ እንዳስቀመጠም ነገረን። የደሴው ሰው በዚህ ጊዜ በአክብሮት አመሰገነው።

35ኛዋ አዲስ ጥያቄ ይዛ መጣች። ለሠርግ የሙሽሮቹን ፎቶ የቡና ስኒ ላይ ማተም ፈልጋለች። ከገበያ የሚገዛው ተራ ስኒ ቅብ ስለሌለው ቀለሙን እንደማይይዝ፣ ለሰብሊሜሽን የተቀባ ትንሽ ኩባያ ፈልጋ እንድትገዛ ጋሼ መለሱላት። ስኒው ከታች ጠበብ የሚል ከሆነ ወረቀቱ ቀጭን ይሁን ብዬ የአዳማውን ወንድም ምክር ጨመርኩላት።

36ኛው ያ ኤችፒ ያለው ጀማሪ ልጅ ነው። ኤፕሰን ለመግዛት እያጠራቀመ ነው። ለ60ዎቹ ማጎች በመጨረሻ የትኛውን ወረቀት እንደገዛሁ ጠየቀኝ። ባለ 125 ግራሙን ነው አልኩት። ሐሙስ ጠዋት ገዛሁ፣ ዓርብ ማታ አስረከብኩ። ሱቁ ውስጥ ማሸጊያውን አስወጥቼ ሚዛን ላይ አስደርጌዋለሁ። 780 ግራም ሞላ።